ከቀዩ ፕላስተር ሥር

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሬሳው ከመድረኩ ፊት ባለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ድሮ ኦርኬስትራ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኦርኬስትራው ከተበተነ ወዲህ የተሰባበሩ ወንበሮች ይጣሉበታል። ሟቹ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ፀጉሩን በውሃ አበጥሯል፤ የዳንስ ጫማውን ወልውሏል። አካሄዱ ቀላል ስለነበር ሰዎች «ላባው» ይሉት ነበር።

በዚህ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ላባውና የዳንስ ጓደኛው መድረክ ላይ ወጥተው ይደንሳሉ። ቀጥሎ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ወላጆች ልጆቻቸውን ጫማቸው ላይ አቁመው ያስደንሳሉ። ልጅ የዳንስ ሀሁ የሚቆጥረው እንደዚያ፣ በትልቅ ሰው እግር ላይ ቆሞ ነው። ዛሬም አባቶችና እናቶች በር ላይ ተሰልፈዋል። ምን እንደተፈጠረ የነገራቸው ስለሌለ የልጆቹ ሳቅ እስከ ውስጥ ይሰማል።

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እያላላ ቀረበ።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ምርመራም አያስፈልገው። ሰውየው ራሱን ነው የጣለው። ፀጉሩ የሸበተበት መድረክ ነው፤ ጠርዙን ስቶ ይወድቃል?»

«ወይም ሰው ገፍቶታል።»

«ማን ደፍሮ ይጠጋዋል? በዚህ ሁለት ዓመት የያዘው ኩራት አይጣል ነው። አንድ ቀን ለሰላምታ እጄን ብዘረጋለት እንደ ልብስ መስቀያ አቁሞኝ አለፈ። ሰው ሁሉ እያየ። እኔን፣ አሠሪውን።»

«አልጠየቁትም፣ ለምን ብለው?»

«ምን ብዬ? ጨብጠኝ ብዬ ልለምነው?»

ኢንስፔክተሩ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ማዳመጥ እንጂ መናገር አያበዛም።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ሙዚቃ የሚያጫውተው ሰው ነው። ሁሉም «ካሴት» ይለዋል። ዘመን ያለፈባቸውን ካሴቶቹን በሳጥን አድርጎ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ነው የሚይዛቸው።

«ጠዋት መድረኩ ላይ ፓውደር ነሰነስኩ» አለ። «ጫማ እንዲያንሸራትት እሑድ እሑድ እንነሰንሳለን። ከዚያ ቆልፌ ምሳ በላሁ። ስመለስ በሩ ክፍት ነው፤ አዳራሹ ጭር ብሏል። ወደ መድረኩ ስጠጋ... ያው አዩት።»

«ቁልፍ እነማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ ላባው ጋ፣ እትዬ ሸምበቆ ጋ። አብራው የምትደንሰዋ ማለቴ ነው። ቀጥ ብላ ስለምትሄድ ነው ሸምበቆ የምንላት።»

«ሙዚቃ ከፍቶ አልነበረም?»

«ካሴት አስገብቷል። ግን መሐል ላይ ቆሟል። ያውም በፖዝ» አለና ካሴት ፊቱን አጨማደደ። «ስንቴ ለምኜአቸዋለሁ! እኔ ስቶፕ ነው የምጫነው፤ ፖዝ ክሩን ይበላዋል። ዳንሰኛ ግን ካቆመበት መቀጠል ስለሚፈልግ አይሰማህም። ከላባውና ከእትዬ በስተቀር ያችን የፖዝ ቁልፍ የሚነካ የለም።»

ቴፑ ያለው ከመድረኩ ርቆ፣ በመግቢያው በር ጥግ ነው። ኢንስፔክተሩ ዞሮ አየውና መልሶ ጉድጓዱን ተመለከተ።

«ላባው ኩራተኛ ነበር ይባላል።»

«ድሮ? ድሮማ ሳጥኔን እያመሰ 'አንተንስ ገልብጠን ብናጫውትህ ምን ትል ይሆን?' እያለ ነበር የሚቀልድብኝ። ኋላ ግን ዝም ብዬ ከቆምኩ እንደ ግድግዳ ያልፈኛል። ካናገርኩት ነው የሚስቀው። እኔም አኮረፍኩና ማናገሩን ተውኩ።» ካሴት ሳጥኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። «ይኸው ኩርፊያዬን ታቅፌ ቀረሁ።»

ኢንስፔክተሩ ጫማውን አውልቆ በካልሲው በመድረኩ ጎን በኩል ወጣ። ፓውደሩ ላይ ያለው የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ነው። ዱካው ግን የላባ አይመስልም። እግሮቹ ከወለሉ ሳይነሱ፣ ሰፋ ብለው፣ ቀስ እያሉ ተጎትተዋል። ሁለቱ መስመሮች እየዞሩ እየዞሩ ወደ ጠርዙ መጥተዋል። ጠርዙ ላይ ወደ ጉድጓዱ የዞረው ተረከዙ ነበር።

የመድረኩን ጠርዝ የሚያመለክት ቀይ ፕላስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለጥፏል። አዲስ ነው። ከውስጥ በኩል፣ ፕላስተሩ ባልሸፈነው ቦታ፣ ፓውደሩ ከሌላው ቦታ በልጦ የጠጠረበት ቀጭን መስመር አለ። ኢንስፔክተሩ በጣቱ ነካው። ተጣበቀበት። የማስቲሽ ቅሪት ነው።

«ካሴት፣ እዚህ ፕላስተር ሥር ምን ነበር?»

«ሲባጎ ነዋ። እትዬ ናት ያጣበቀችው። ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ ይይዘዋል ብላኛለች። እኔ ደግሞ ሲባጎ ፕላስተር ሲይዝ አይቼ አላውቅም፤ ግን ከሷ ጋር ማን ይከራከራል?»

«አሁን የለም።»

ካሴት አንገቱን አስግጎ አየ። «የለም እንዴ? ቀዩ እንዳለ ስለሆነ ልብ አላልኩም።»

ላባው ልብስ የሚቀይርበት ክፍል መስኮት የለውም። ኢንስፔክተሩ ማብሪያውን ቢጫን አልበራም። በእጅ ባትሪው ሲያበራ አምፖሉ ጠቁሮ አቧራ ለብሷል።

«ከተቃጠለ ቆይቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ። «ስለ ወለሉ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሁሉም ሲነዘንዘኝ የኖረ ሰው ስለ አምፖል አፉን ከፍቶ አያውቅም። እኔም ካልጠየቀኝ ብዬ ተውኩት።»

ግድግዳው ላይ ልብሶቹ ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ መስቀያ ላይ ክር ታስሯል፤ አንዱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላው ላይ ሁለት። ውጭ ሲወጣ የሚያደርጋቸው ጫማዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የግራው ማሰሪያ ጫፍ ተቋጥሯል። ኢንስፔክተሩ ቋጠሮውን በጣቶቹ መሐል አሽቶ ባትሪውን አጠፋና ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆመ።

የላባው ልጅ ቲኬት በሚሸጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋ ብድግ ብላ በመምጣቷ ቀሚሷ ላይ ቁርጥራጭ ክር አለ። ልጇን ጎረቤት ትታለች።

«ትናንት ከዚህ ደወለልኝ» አለች። «'ነገ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። አንቺን እንዳስደነስኩሽ እግሬ ላይ አቁሜ ላስደንሳት' አለኝ።»

«ምን አልሽው፣ ልጄ?»

«'መንገድ ላይ ያላወቅኸኝ፣ አሁን ሰው ፊት ልታውቀኝ ነው?' አልኩትና ዘጋሁበት።»

«መንገድ ላይ ምን ሆነ?»

«አምና ነው። ባገባሁት ሰው ደስ ስላላለው ተራርቀን ነበር። አንድ ቀን ልጄን ይዤ ስሄድ ፊት ለፊት መጣ፤ እትዬ ሸምበቆ አብራው ነበረች። አባዬ ልል አፌን ስከፍት ፊቱን እንኳ ሳያዞር አለፈኝ። ካለፈ በኋላ ልጄ 'እማዬ፣ ፎቶው ላይ ያለው አያቴ አይደለም?' አለችኝ። አይደለም አልኳት። ያን ቀን አባት የለኝም ብዬ ቆረጥኩ።» ቀሚሷ ላይ ያለውን ክር አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። «እውነቱን ይንገሩኝ። ራሱን ጥሎ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ በምላሴ።»

«እርግጠኛ ሳልሆን ላጽናናሽ አልፈልግም» አላት ኢንስፔክተሩ። «ትንሽ ታገሺኝ።»

እትዬ ሸምበቆ በራሷ ክፍል ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጣለች። የመድረክ ቀሚሷን ለብሳ ጨርሳለች። ግድግዳው ላይ የሁለቱ ፎቶ አለ፤ እሷ ከፊት፣ ላባው ከኋላ፣ እጁ ትከሻዋ ላይ።

«እንዲህ ሆናችሁ ነው የምትገቡት?» አለ ኢንስፔክተሩ ፎቶውን እያየ።

«አሁን አሁን። ሕዝቡ ወደደውና በዚያው ቀረ።»

«ላባው ኩራተኛ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«እሱ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። «ማነው እንደዚያ ያለው? እሱ ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

«ዓይኑስ ደህና ነበር?»

«መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነው።»

«ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ብቻውን የሚኖር ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ይህን መልስ እሱም ቢጠየቅ ይሰጠው ነበር።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ አራቱን ወደ አዳራሹ ጠራቸው። ሥራ አስኪያጁና ካሴት ጎን ለጎን ተቀመጡ። የላባው ልጅ የመተላለፊያው ዳር ላይ፣ እትዬ ሸምበቆ ከሁሉም ፈንጠር ብላ። ባዶዎቹ ወንበሮች ረድፍ በረድፍ ከኋላቸው ነበሩ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ» አለ ኢንስፔክተሩ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ። «ላባው ራሱን አልጣለም።»

ሥራ አስኪያጁ አፉን ሊከፍት ሲል በእጁ አስቆመው።

«ራሱን የሚጥል ሰው ወደሚጥልበት ዞሮ ይሄዳል። ላባው ወደ ጠርዙ የመጣው በጀርባው፣ እየደነሰ ነው። ዱካው ፓውደሩ ላይ አለ። አደናነሱም ይገርማል፤ እግሩን አንድም ጊዜ ከወለሉ አላነሣም። እንደዚያ የሚሄድ ማን ነው?»

የላባው ልጅ ናት የመለሰችው።

«እግሩ ላይ ልጅ ያቆመ ሰው።»

«አዎ፣ ልጄ። ብቻውን ነበር፤ ግን ሕፃን እንደያዘ ሆኖ ነው የሚለማመደው። ዘግተሽበትም ልጅሽን ሊያስደንስ ነበር የመጣው። ሊሞት የመጣ ሰው ልምምድ አያደርግም።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እሺ፣ ታዲያ እንዴት ወደቀ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጠርዙን አያይም?»

«አያይም። አለማየት የጀመረው ቆይቷል። ላባው ዓይነ ስውር ነበር።»

ካሴት ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣና ወዲያው ተወው።

«እርስዎ እጅዎን ዘርግተው አልጨበጠዎትም። ሲናገሩት ይስቃል፣ ዝም ሲሉት ያልፋል፤ ካሴት ራስህ ነህ የነገርከኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አምፖል ተቃጥሎ አቧራ ለብሷል፤ መብራት የማይጠቅመው ሰው አምፖል ቀይሩልኝ አይልም። ልብሱን በቋጠሮ ይለያል። ወደ መድረክ የሚወጣው የሰው ትከሻ ይዞ ነው። እናንተ እንደ ወጉ አኮረፋችሁት። እሱ ደግሞ ለምን ሰው እንደሸሸው ሳይገባው ኖረ።»

የላባው ልጅ ቀስ ብላ ተነሣች።

«መንገድ ላይ...»

«እሱ አላየሽም።»

ቆማ ቀረች። ከዚያ ፊቷን ወደ እትዬ ሸምበቆ አዞረች።

«እርስዎ ግን አብረውት ነበሩ» አለች።

እትዬ ሸምበቆ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች።

«ወደዚያ እየመጣሁ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዓይነ ስውር ሰው ከዚህ መድረክ ሳይወድቅ እንዴት ሁለት ዓመት ደነሰ? ከፕላስተሩ ሥር ሲባጎ ነበር። የዳንስ ጫማ ሶል ስስ ነው፤ እግር ሲባጎውን ሲረግጥ ጠርዙ እንደደረሰ ያውቃል። ትናንት ማታ አንድ ሰው ያንን ሲባጎ አነሣ። ጠዋት ካሴት ፓውደር ሲነሰንስ ማስቲሹ ላይ ስለተጣበቀ፣ ከዚያ በፊት እንደተነሣ እናውቃለን። ሲባጎውን የነቀለው የጽዳት ሰው ቢሆን፣ ፕላስተሩም አብሮ ተቦጫጭቆ ይጣል ነበር። ይህ ሰው ግን ቀዩን ፕላስተር በአዲስ ተክቶ አስተካክሎ ለጥፏል። ለሚያይ ሰው ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው በእግሩ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ያነሣው ሰው ላባው እንደማያይ ያውቃል።»

«ማናችንም አናውቅም ነበር» አለ ካሴት። ድምፁ ተሰብሯል።

«ልክ ነህ። ሥራ አስኪያጁ ኩራተኛ ነው አሉኝ፤ ስለዚህ አያውቁም። አንተም እንደዚያው። ልጁ አባቴ ናቀኝ ብላ አልቅሳለች፤ እሷም አታውቅም። እዚህ ቤት ውስጥ ላባው ኩራተኛ አይደለም ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያው ሰው ደግሞ መርፌ ላይ ክር ያስገባልኛል አለኝ።»

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ዞሩ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወደቀ ሰው እዚያ በር ድረስ ሄዶ ሙዚቃ አያቆምም። ያቆመው ሌላ ሰው ነው፣ በፖዝ። እጁ የለመደውን ነው ያደረገው። እትዬ፣ ሲወድቅ እያዩት ነበር።»

የእትዬ ሸምበቆ ጀርባ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው።

«ብቻዬን እሞክራለሁ አለኝ» አለች። «ትከሻሽ አያስፈልገኝም አለ። ዛሬ ሕዝቡ ፊት አላይም ብሎ ተናግሮ ከእኔ ጋር መደነሱን ሊያቆም፣ ከልጁ ጋር ሊሆን። እኔስ? እኔ ወደ የት ነው የምሄደው? በዚህ ዓለም የነበረኝ ትከሻዬ ላይ የሚያርፈው ያ እጅ ብቻ ነበር።»

«ሊገድሉት አስበው ነበር?»

«ሲባጎውን ሲያጣው ይቆማል ብዬ ነው። እዚያው መሐል ላይ ይደነግጥና ይቆማል፤ ይጠራኛል ብዬ። በሩ ላይ ሆኜ ስሜን እስኪጠራ እየጠበቅኩ ነበር።» ተነፈሰች። «አልቆመም። ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ልጮህ አፌን ከፍቼ፣ ትንሽ ልጠብቅ፣ አሁን ይጠራኛል አልኩ። ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ አልነበረም። ሙዚቃው ብቻውን ሲጫወት አላስቻለኝምና አቆምኩት።»

«እርዳታ አልጠሩም።»

«ወርጄ አየሁት። የሚረዳ ነገር አልነበረውም። ቤቴ ሄጄ ቀሚሴን ለበስኩ። ሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ ሌላ የማደርገውን አላወቅሁም።»

«ግድያ ይሁን ሌላ፣ ስሙን ሕግ ያወጣለታል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከኔ ጋር ይሄዳሉ።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ለተሰለፉት ሰዎች ዛሬ ዳንስ እንደሌለ ሲናገር፣ አንድ ሕፃን ለምን ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ። ካሴት ሳጥኑን ታቅፎ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ሸምበቆ ልትነሣ ስትል የላባው ልጅ መጥታ ፊቷ ቆመች። ኢንስፔክተሩ ትመታታለች ብሎ ጠጋ አለ።

«ስልኩን ስዘጋበት አጠገቡ ነበሩ?» አለቻት።

«ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ።»

የላባው ልጅ ያልሰማች ይመስል አየቻት።

«ሳቀ ነው የምልሽ። 'ለካ የተቆጣችው ያየኋት መስሏት ነው! ጠልታኝ ቢሆን ድምፄን ስትሰማ ትዘጋው ነበር፤ ወቅሳኝ ነው የዘጋችው' አለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና 'አንቺ ግን ያን ቀን አይተሻት ነበር?' አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ገባው። ቤቱ እስክንደርስ ትከሻዬን አልያዘም፤ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄደ።»

«ለምን ታዲያ መልሶ አልደወለልኝም?»

«'መጀመሪያ እግሬን ልፈትነው' አለ። 'ሕፃኗን ይዤ ብወድቅስ? ነገ ብቻዬን ሞክሬ ከሆነልኝ እደውልላታለሁ።'»

ከኢንስፔክተሩ ጋር የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢንስፔክተሩ ጠብቅ አለው በእጁ፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ላባው ምን እንዳለ፣ ምን እንደበላ፣ ማንን እንደናፈቀ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

የላባው ልጅ አንድ ወንበር ጎትታ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለቻት።